የሚያዳልጠው ቡሎን

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ ኢስሐቅ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የደሴ ብርድ ጉልበትዎን አልነካውም? ባለቤቴ ሃዲያና እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እዚህ ባሕር ማዶ ከተማችን ፌደራል ዌይም እንደ ልማዱ ይዘንባል።

ያቺ ፎቶዋን የላክሁልዎ አሮጌ መኪና ግን አቃጠለችኝ። እቤቴ ጋራዥ ውስጥ ሞተሯን አውጥቼ ጉልበተኛ ሞተር ገጠምኩላት፤ የቀረኝ ካርቡራተሩን ማሰር ብቻ ነበር። አራት ቡሎን ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ! አባባ እንዳስተማሩን መጀመሪያ በጣቴ ነው የማስገባው፣ በቁልፍ ማጥበቅ ኋላ ነው። የዛሬ ቡሎን ግን እንደ ሳሙና ያዳልጣል። እዚሁ ሶዶ የሚባል ሰፈር ድረስ ነድቼ መለዋወጫ ሻጩን ብቆጣው፣ «ቡሎኑ ምንም አልሆነም» አለኝ። እንግዲያው ብዬ የጋራዡን መብራት ቀየርኩ። ያው ነው። ትናንት ልጄ ሲድራ ከሥራ ስትገባ «ዳድ፣ ስጠኝ» ብላ አራቱንም ባንዴ አሰረቻቸው። በመመረቅ ፈንታ ጮህኩባት።

ሃዲያም ስስት ጀምራለች። ሻይ የምትቀዳልኝ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ነው። «ሙዪው እንጂ!» ስላት ጠረጴዛውን በጨርቅ ትጠርጋለች።

ጽሕፈቴ ከተጣመመ ጠረጴዛው ስለሚንገዳገድ ነው። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ፤ በዱዓዎም አይርሱኝ። አላህ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ታናሽ ወንድምዎ
ዓብዱልጀባር

እንዳልረሳው፦ አባባ ጋራዣቸውን በዘጉ ጊዜ አጠገባቸው የነበሩት እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ እምቢ ያላቸው የቀኝ እጃቸው ነበር ወይስ የግራ?