ጂንካ ከመውጣትሽ በፊት

ይድረስ ለውድ የወንድሜ ልጅ ለሲፈን ጂራታ፦

ሲፉዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱስ፣ ትንኙስ፣ በእጅሽ የሚወለዱት ሕፃናትስ እንዴት ናቸው? ወንዙ መንገዱን ቆርጦ ኔትዎርክ ወዳለበት ጂንካ መውጣት ካቃተሽ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማንም። እኛ ደህና ነን። እኔም እንዳመሌ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለው ሱቄ ውስጥ የሰው ሞባይል እየፈታሁ፣ ባለቤቱን እያስቀየምኩ አለሁ።

ሲፉ፣ ላፕቶፕሽን ኢንተርኔት ባለበት ቦታ እንዳትከፍቺ። ቀልድ ስላስለመድኩሽ ይሄንንም ቀልድ እንዳትይው።

አባትሽ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ሆኖ ድምፁን ከማጣቱ በፊት፣ ከፋሲካ በኋላ ለሚሆነው ሰርግሽ ምርቃት በስልኩ ቀድቶልሽ ነበር። እኔ ከኋላ አሜን እያልኩ የበግ ድምፅ ያስገባሁበትን ማለቴ ነው። እናትሽ ኅዳር ላይ ስልኩ ሞላ ብላ አጠፋችው። ምነው አጠፋሽው ብላት፣ ደመና ላይ ተቀምጧል ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ፣ ደመና ላይ ያለውን እኔ በምን እጄ ደርሼ አጠፋዋለሁ አለችኝ።

ቃሉ ነው የሸወዳት፤ ደመና የሚሉት ኢንተርኔት ላይ ያለ ማስቀመጫ ነው። ይሄ ሲንክ የሚሉት ነገር አንዱ ጋ የጠፋውን ሁሉም ጋ ያጠፋል። የጠፋውን ለአንድ ወር የሚያቆየው መጣያም እኛ ሳናውቅ ራሱን አራግፏል። የቀረው አንቺ ላፕቶፕ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም የቀረው ወሬውን ስላልሰማ ነው። ጂንካ ወጥተሽ ኔትዎርክ ሲያገኝ ይሰማል። ከዚያ ሳይጠይቅሽ ያጠፋዋል።

መልእክት ልኬልሽ ነበር። ግን ስልክሽ ኔትዎርክ ባገኘ ሰዓት ላፕቶፑም ከእሱ ይስባል፤ የትኛው እንደሚቀድም አላውቅም። ለዚህ ነው መንገዱ ሊከፈት ነው ሲባል ወደ እናንተ የሚመጣውን ሾፌር ሱፍያንን ለምኜ ወረቀት የላክሁት። እሱ ደግሞ መጀመሪያ አርባ ምንጭ የማራግፈው ጭነት ስላለኝ ልዘገይ እችላለሁ ይላል።

እዚያው ጤና ጣቢያው ሳለሽ የስልክሽን ዳታ ዝጊ፣ ላፕቶፑን እንደከፈትሽ ዋይፋዩን አጥፊ። ምርቃቱን በሁለት ፍላሽ ገልብጪና ከፍላሹ ላይ እስከ መጨረሻው ስሚው። አንዱን ለሱፍያን ስጪው፣ አንዱን አንቺ ያዢ። ቤካም ፊልም ልይ ብሎ እንዳይነካው፤ እጮኛ መሆን ላፕቶፕ አያስነካም በይልኝ። ፍላሹ ሲደርሰኝ ደመናውን አንድ አቅጣጫ ብቻ አስይዘዋለሁ። ከእኛ ወደዚያ ይወጣል፣ እዚህ ቢጠፋም እዚያ አይነካም፣ ከዚያም ወደ ማንም ስልክ አይወርድም። ፍላሹም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ካልደረሰኝ ግን ሰርግሽ ላይ የምመርቀው እኔ ልሆን ነው፤ እኔ ገና አፌን ስከፍት ደግሞ ሰው መሳቅ ይጀምራል።

አባትሽ ምንም አያውቅም። በየቀኑ እጁን ወደ ጆሮው እያስጠጋ አሰማኝ ይለኛል። አንድ ቀን ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፣ አንድ ቀን ልጠግነው ወስጄዋለሁ እላለሁ። ትናንት አልጠየቀኝም።

እናትሽን በጣም ናፍቀሻታል፤ አባትሽም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም ብሎሻል። ለቤካ፣ አብራሽ ለምትኖረው ለነርስ መይሙና፣ ለዘበኛው ለዳዊ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ጠፍቶ ካገኘሽው ለእኔ ለብቻዬ ደውዪ። ለእናትሽ ስትደውዪ ስለ መንገዱና ስለ ሙቀቱ ብቻ አውሪ። እሷ ስልክ የምታነሣው በስፒከር ነው፣ አባትሽም ከጎኗ አይርቅም። የሄደው ድምፁ ነው፤ ጆሮው ደህና ነው።

አጎትሽ ዋቅሹማ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.