ሦስተኛው ጠርሙስ

ሰኞ

ሦስተኛው ጠርሙስ ሸተተ። ደስ አለኝ፤ ምን ዓይነት ሴት ነኝ!

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ባመጣኋቸው ጠርሙሶች የሐይቁን ውሃ ቀድቼ መስኮቴ ላይ ደርድሬያለሁ። አንደኛውን አልነካሁትም። ሁለተኛው ላይ የዱቄት ሳሙናና የከብት ሽንት ጨመርኩ፤ ሣር የመሰለ አረንጓዴ የውሃ ዋቅላሚ አበቀለ፣ ክፋት የለውም። ሦስተኛው ላይ ሳሙና ብቻ። እሱን ቀለም የተደፋበት የሚመስል ሰማያዊ አረንጓዴ ሸፈነው። ሳሙናው ፎስፈረስ ሰጠው፤ ከሽንቱ የሚገኘው ናይትሮጅን ግን የለም። ሌላው ዋቅላሚ ሲራብ ይሄኛው ናይትሮጅኑን ከአየር እየወሰደ ብቻውን ይነግሣል። መርዝም አለው።

በዕድሩ ስብሰባ ይህንኑ ነግሬ ነበር፤ ሐይቁ ዳር ያሉት በረቶችም የሳሙና እጥበቱም አብረው ይቅሩ ብዬ። በረቶቹን ከውሃው አራቁ። ነገሩ ሳሙናው ላይ ሲደርስ ሰብሳቢው አቶ ገመቹ፣ “ልጄ፣ ሳሙና ያጸዳል እንጂ ያቆሽሻል እንዴ?” ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁብኝ። ግማሹን ሰሙኝ። ጨርሶ ባይሰሙኝ ይሻል ነበር፤ ሽንቱ ቀርቶ ሳሙናው ብቻ ሲገባበት ሐይቁ ሦስተኛው ጠርሙስ ሆነ፣ ዳሩም ሰማያዊ አረንጓዴ መያዝ ጀምሯል።

ማክሰኞ

ከድሬዳዋ በመጣው ባቡር ሳሙና ወረደ። ፋሲካ ደርሷልና ጣቢያው በሴት ተጨናነቀ። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ዳር ነጠላ፣ ጋቢ፣ አንሶላ ብቻ ሆነ። በእንዶድ የሚያጥብ ዛሬ ባላገር ነው።

አከራዬን አዴ ጫልቱን ለመንኳቸው። “ላምዎን ቡሬን ሐይቁ አያጠጧት፤ ከጣቢያው ቧንቧ እኔ እቀዳላታለሁ።”

“እናቷም አያቷም እዚያው ጠጥተው ነው ያደጉት” አሉኝ።

ረቡዕ

ቡሬ ሞተች። ጠጥታ ስትመለስ ጉልበቷ ተብረከረከ፤ ከተሰጣው አንሶላ አጠገብ ወደቀች። የምትጠባ ጥጃ አላት። አዴ ጫልቱ የሚኖሩት በወተቷ ነበር።

አቶ ገመቹ መጥተው አዩና “ቡዳ ነው” አሉ።

“ሳሙናችሁ ነው!” ብዬ ጮህኩ።  አዴ ጫልቱ ቀና ብለው፣ “ካወቅሽ ለምን አላሰርሻትም?” አሉኝ።

 

ሐሙስ

ጅቦቹ ከእኛ ቀድመው ፈሰኩ። ከቡሬ ቀንዷ ብቻ ተረፈ።

ጠዋት አዴ ጫልቱ ማለቢያቸውን በሳሙና ሊያጥቡ ወደ ሐይቁ ወረዱ። “ባዶም ቢሆን ንጹሕ ይሁን” አሉ። ጥጃዋም ተከትላቸው ልትወርድ ስትል ያዝኳት። ቤቴ አስገብቼ ከአልጋዬ እግር አሰርኳት። የቧንቧ ውሃ ባቀርብላት ፊቷን አዞረች።

ማምሻውን አዴ ጫልቱ የቤቴን በር ይደበድባሉ። “ሌባ! ጥጃዬን ፍቺልኝ! ውሃ ጠምቷታል!” ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል፤ የአቶ ገመቹም ድምፅ አለበት። አልከፍትም። ነገ ከቤታቸው ያስወጡኝ ይሆናል።

ጥጃዋ ግን የቧንቧውን ውሃ ጠጣች።