ለጥገና ስለሄደው ጄኔሬተር፣ ለክቡር ሰብሳቢያችን

ለተከበሩ የፓርቲያችን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እኔም ሆንኩ መላ ቤተሰቤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልን፣ የወገብዎ ሕመም እንደተሻለዎት፣ የደም ግፊትዎም ካለፈው ሳምንት ወዲህ ወደ ቦታው እንደተመለሰ ተስፋ እናደርጋለን። ያለፈውን ሳምንት ያነሳሁት ጽሑፌን እስከ መጨረሻው ያነበቡት ያን ጊዜ መሆኑን ስለሰማሁ ነው።

ምናልባት ከሥራ ብዛት ረስተውኝ ከሆነ፣ እኔ የፓርቲው አባልና በትርፍ ጊዜዬ የምጽፍ ጦማሪ ነኝ። የቀድሞዎቹ ሹማምንት የጤና ጣቢያችንን የጄኔሬተር ነዳጅ እየቀዱ ሲሸጡ ያጋለጥኩት እኔ ነበርኩ፤ እርስዎም ያን ጊዜ ግንባሬን ስመው፣ የኛ አንበሳ ብለው፣ በየስብሰባው ከፊት ወንበር ያስቀምጡኝ ነበር። ምርጫውን ካሸነፍን ወዲህ የነዳጅ ስርቆቱ ድራሹ ጠፍቷል። ለዚህም ምስጋናው የሚገባው ለኮሚቴው ምክትል ሰብሳቢ ነው፤ ጄኔሬተሩን ራሱን ስለወሰዱት ከእንግዲህ ነዳጁን ማንም ሊሰርቀው አይችልም። ችግሮችን ከሥራቸው እንፈታለን ብለን ለሕዝብ ቃል ስንገባ እንዲህ ማለታችን እንደሆነ፣ በእኔ በኩል፣ አልገባኝም ነበር።

ጄኔሬተሩን ያየሁት ምክትልዎ አዲሱን የእንግዳ ማረፊያቸውን ባስመረቁ ዕለት ነው። እርስዎ ስለ ንጹሕ እጅ ንግግር እያደረጉ ሳለ የከተማው መብራት ድርግም አለ፤ ወዲያው ደግሞ ከጓሮ አንድ ነገር ተንደቅድቆ አዳራሹ ቦግ ሲል ሁላችንም አጨበጨብን። እኔ እንዲያውም ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት። ከዚያ ደስታዬን ላካፍላት ብዬ ለታላቅ እህቴ ደወልኩ፤ እሷ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት፤ ስልኩን ግን አላነሳችም። እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስወጣ ጄኔሬተሩን አየሁት፤ የጤና ጣቢያው ስም እንዳይነበብ በችኮላ ቀለም ተቀብቶበታል፤ እጀታው ላይ ግን እህቴ እጅ እንዳይቆርጥ ብላ የጠቀለለችው ፋሻ እንዳለ ነው። ለጤና ጣቢያው ሠራተኞች የተነገራቸው ለጥገና ሄዷል ተብሎ ነበር፤ በዓይኔ እንዳየሁት በደንብ ተጠግኗል።

እህቴ ስልኩን ያላነሳችው በጥርሷ ነክሳው ስለነበር ነው። ማዋለጃ ክፍሉ መስኮት የለውም፤ መብራት ሲጠፋ የምታዋልደው በስልኳ መብራት ነው፤ እኔ የግብዣውን ማማር ልነግራት የደወልኩትም ልጁ ጭንቅላቱን ብቅ ሲያደርግ ነበር አሉ። እናቲቱም ልጁም ደህና ናቸው፤ እኔ ግን እህቴ ይህንን እየሳቀች ስትነግረኝ አብሬያት መሳቅ አልቻልኩም። አፈርኩ፣ ክቡር ሆይ፤ ተናደድኩም። ቤት እንደገባሁ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ።

ርዕሱ የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር የት ገባ የሚል ሲሆን፣ መልሱን ጓሮ ካነሳሁት ፎቶግራፍ ጋር ያስቀመጥኩት የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጽሑፍ ታስረዝማለህ እየተባልኩ ስመከር ኖሬያለሁ። አባሎቻችን እኔ የምጽፈው ስለ ሌሎቹ ብቻ ነው ብለው ስላመኑ ገና ከመውጣቱ እየተቀባበሉ አጋሩት፤ እርስዎም ከሁሉም ቀድመው፣ ይህን ያደረገ ማንም ይሁን ማን ለሕግ ይቅረብ፣ ብዕርህ ይባረክ ብለው ከሥሩ ጻፉ። ስለ ምርቃትዎ እጅ ነሥቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ኮሚቴው ፊት እንድቀርብ የሚያዝ ወረቀት ስለደረሰኝ፣ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጽሑፌ ወቅቱን ያላገናዘበ ነው ተብሏል። ስለ ነዳጁ ስጽፍ በጋም ክረምትም ወቅቱ ሆኖ ስለነበር፣ የጄኔሬተር ወቅት መቼ እንደሚገባ ቢነገረኝ ታግሼ እጠብቃለሁ።

ሁለተኛ፣ የቤታችንን ገመና አደባባይ አውጥተሃል ተብያለሁ። ጄኔሬተሩ ግን ከሕዝብ ቤት ወጥቶ ጓሮ የገባ ነው፤ እኔ ያወጣሁት ፎቶግራፉን ብቻ ሲሆን፣ ዋናውን ማውጣት የኮሚቴው ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛው ስለ ጦማሪ ጓደኞቼ ነው። ጽሑፌ ከወጣ ወዲህ አንደኛው ስለ ነጭ ሽንኩርት ጥቅም መጻፍ ጀምሯል፤ ሌላኛው ደውሎ፣ ወንድሜ፣ ሰረቁ ከምትል በአደራ አስቀመጡ ብትል ምን አለበት ሲል መከረኝ። የሁለቱም ጤንነት ስለሚያሳስበኝ ወደ ቅሬታ አልቆጥረውም። አራተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን የኮሚቴው ጸሐፊ ስልክ ደውለው፣ ልጄ፣ አጥፋውና እንገላገል ብለው በትሕትና ስለለመኑኝ፣ ለእሳቸው ስል ትቼዋለሁ።

ስለ ማጥፋቱ ግን ልቤ ፈራ። ጽሑፌን ባጠፋው ከሥሩ ያለው የእርስዎ ቃል አብሮ ሊጠፋ ነው፤ የሰብሳቢዬን ቃል ለማጥፋት እኔ ማን ነኝ? ስለዚህ ዓርብ ጥርት ያለ ሸሚዜን ለብሼ እቀርባለሁ፤ የምከላከልበትም ሌላ ነገር የለኝም፤ እርስዎ ማንም ይሁን ማን ብለው የጻፉትን ቆሜ አነባለሁ። ከአባልነት ብታሰናብቱኝ አዝናለሁ፤ ለዚህ ፓርቲ በየግድግዳው ፖስተር የለጠፍኩት ከልቤ ነበር። ጄኔሬተሩ ተመልሶ እህቴ አስነሥታው ድምፁን በስልክ ካሰማችኝ ግን፣ ስለ መመለሱ አጭር ጽሑፍ እጽፋለሁ፤ መልሱንም የመጀመሪያው መስመር ላይ አደርገዋለሁ።

እስከዚያው ድረስ የተሰጠኝን ምርቃት ያልመለስኩ፣ ከፊት ወንበር ተነሥቼ በር አጠገብ የተቀመጥኩ፣ ነፋሱም የተስማማኝ፣

ታዛዥዎ ጦማሪ

ማስታወሻ፦ በቅርቡ አያት እንደሚሆኑ በስብሰባ ላይ ስላበሰሩን እንኳን ደስ ያለዎት። በከተማችን ሌላ ማዋለጃ ስለሌለ ልጅዎ የምትወልደው እህቴ ዘንድ እንደሆነ አስበን እኛም ደስ ብሎናል። እህቴ ጥርሷን እያመማት ስለሆነ፣ መብራት ከጠፋ አጠገቧ ቆሞ ስልክ የሚይዝላት ሰው ከወዲሁ እንዲመደብላት ትጠይቃለች። እርስዎ ራስዎ ቢይዙላት ትመርጣለች፤ በስልክ ረገድ እጅዎ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አይታለች።