ከአንተ የተረፉት ዐሥራ አምስት ካፕሱሎች

አስማማው፣

ከተለያየን ዛሬ ሃምሳ ሦስት ቀን ሆነ። ሴት ለሞተ ባሏ ስትጽፍ «ውድ» ብላ ትጀምራለች፤ እኔ ግን ገና ስላልበረደልኝ ለጊዜው ስምህ ብቻ ይበቃሃል። ሃያ አንድ ዓመት አብረኸኝ ኖረህ ቁጣዬን ታውቀዋለህና አትቀየመኝም። ብትቀየመኝስ አሁን ምን ታመጣለህ?

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ዓሦችህ አለቁ። ሰባት ትተህልኝ ነበር፤ ስድስቱን ከጓሮው ኮክ ሥር ቀበርኋቸው። የቀረው ቀኛዝማች ብቻ ነው፤ ያ ሆዳሙ፣ ጅራተ ረጅሙ፣ ሲዋኝ ትናንት የተሾመ ይመስል የሚንቀባረረው። ከአዲስ አበባ ስናመጣቸው ትዝ ይልሃል? በፕላስቲክ ተቋጥረው አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ ነበሩ። ዓባይ በረሃ ስንደርስ ሙቀቱ ሲበረታ ነጠላዬን በውሃ አርጥበህ አለበስሃቸው። እኔ በላብ ተጠምቄ ጎንደር ገባሁ፤ አንተ የጠየቅኸው ስለ እነሱ ነው። ያኔም ተናድጄ ነበር። ግን ሳቅሁ።

የገደላቸው ለቅሶህ ነው። ድንኳኑ ግቢ ውስጥ ተተክሎ ሳሎኑ ለሴቶች ሆነ። የመስታወት ገንዳህም እዚያው ግድግዳው ሥር እንዳለ ቀረ፤ ማን ያንሳው? የዕድሩ ሴቶች መጡ፣ የዩኒቨርሲቲው የላቦራቶሪ ባልደረቦችህ መጡ፣ የአዘዞና የጠዳ ዘመድ መጣ። ሁሉም አልቅሶ ከተቀመጠ በኋላ ዓይኑ ዓሦቹ ላይ ያርፋል። ከለቅሶ ቤት ማንም ሳይቀምስ አይወጣምና እነሱም እንዲቀምሱ ተፈረደላቸው። ዳቦ የቆረሰ ፍርፋሪውን ጣል፣ ንፍሮ የዘገነ ጥቂት ፍሬ ጣል። ታላቅ እህትህ እታለማሁ ከድብ ባሕር መጥታ ደረቷን ስትመታ ከዋለች በኋላ «የወንድሜ ከብቶች ናቸው፤ ምነው ጦማቸውን ያድራሉ?» ብላ አንድ ሙሉ እፍኝ ንፍሮ ጨመረችላቸው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ውሃውን ልቀይር ብዬ ስነሣ ሴቶቹ ይዘው አስቀመጡኝ፤ ባሏ የሞተባት ሴት በለቅሶዋ ባልዲ አትሸከምም ተባልሁ። አንተ በሳምንት ሁለቴ የምትቀይረው ውሃ ሦስት ሳምንት ማንም ሳይነካው ከረመ።

ንፍሮው ከታች በሰበሰ። ውሃው መጀመሪያ የሩዝ እጣቢ መሰለ፣ ቀጥሎ ሸተተ። «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚለው ተረት ለዓሣ አይሠራም፤ የእነሱ ቤት ሲደፈርስ ለባክቴሪያ ሠርጉ ነው። ይህን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ፣ ራት ሊቀርብ ሲል፣ እኔ ሳልጠይቅህ። ክንፋቸው ከጫፉ እየነጣ እንደ አሮጌ ነጠላ ተተለተለ። አንዱ ጎኑ ላይ ቀይ ቁስል አወጣ። ከዚያ ተራ በተራ እየተገለበጡ ተንሳፈፉ። በአርባህ ቀን የቀረው ቀኛዝማች ብቻ ነበር፤ የእሱም ጅራት ግማሹ ሄዷል።

አርባህ በወጣ ማግስት እታለማሁ ፍርዷን ሰጠች። ወንድሜን የገደለው ይህ ገንዳ ነው አለች፤ ጣቱን የቆረጠው መስታወቱ፣ ደሙን የመረዘው ውሃው። የቀረውን ዓሣ ወንዝ ደፍቼ ገንዳውን እንድሰብር አዘዘችኝ። አልደፋም አልኋት። ለአንድ ዓሣ ብዬ የባሌን እህት እንዳስቀየምሁ ነግራኝ፣ በሁለት ሳምንት ተመልሳ ራሷ በድንጋይ እንደምትፈጨው ምላ ሄደች። ለእሷ ልነግራት የሚገባ አንድ ነገር ነበረኝ። አልነገርኋትም። ለአንተም እደርስበታለሁ፤ ታገሥ።

ያን ዕለት ከገንዳው ሥር ካለው መሳቢያ ደብተርህን አወጣሁ። ዓሣ ሲታመም የምታደርገውን ሁሉ በዚያ ደቃቅ ጽሕፈትህ አስፍረኸዋል። የታመመውን ለይተህ በንጹሕ ባልዲ አድርግ። የቧንቧ ውሃ እንደ ወረደ አትጠቀም፤ በጄሪካን አንድ ቀን ይደር። ጨው ካስፈለገ የወጥ ቤቱን ሳይሆን አሞሌ ጨው። ለሕክምና ባልዲው ከሰል ያለበት ማጣሪያ አታግባ፤ መድኃኒቱን ይመጥጠዋል። የሚበላ ከሆነ አተር ቀቅለህ፣ ልጠህ፣ ደፍጥጠህ የካፕሱሉን ዱቄት ለውስበት። እኔ ሲያመኝ እንኳ እንዲህ አብራርተህ አታውቅም። በመጨረሻ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለቴ አስምረህበት፦ «በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል። አትታለል። ዐሥሩን ቀን ጨርስ። የሚያቋርጥ ገዳይ ነው።»

ያን ጊዜ ብቻዬን ጮኽሁብህ። ጎረቤቶቻችን ለቅሶ የቀሰቀስሁ መስሏቸው ሮጠው መጡ።

ምክንያቱም አንተ አቋርጠሃል። ሐምሌ ላይ ገንዳውን ስታዞር የተሰነጠቀው ጠርዝ ሌባ ጣትህን ቆረጠህ፤ ምንም አይደለም ብለህ ያንኑ እጅ ውሃው ውስጥ ስትከት ዋልህ። ጣትህ እንደ ቃሪያ አብጦ ሐኪም ቤት የወሰድሁህ እየጎተትሁ ነው። ዐሥር ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ምግብ በልተህ ውሰድ ተባልህ። በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ሲጎድል ጣትህን እያጠፍህ እየዘረጋህ አሳየኸኝ። በማግስቱ ፍልሰታ ገባ፤ መድኃኒቱን ተውህና ጾምህ። ለዓሣ ዐሥር ቀን ትሰብካለህ፣ ለራስህ አምስት ቀን ይበቃሃል! ሞኝ ነህ። ከዚህ የባሰ ስድብም ነበረኝ፤ ሙት አይሰደብም ብዬ ዋጥሁት። በጾሙ አጋማሽ ላይ ጣትህ ተመልሶ አበጠ፣ መቅላቱ ክንድህን ይዞ ወጣ። ያን ሁሉ የጾምህለት የፍልሰታ ቀን ሕዝቡ ሲቆርብ አንተ ሆስፒታል ተኝተህ እኔንም አታውቀኝም ነበር። በአራተኛው ቀን ጥቁር ለበስሁ።

ለቀኛዝማች መድኃኒት ከየት አመጣሁ መሰለህ? የዓሣ መድኃኒት እዚህ እንደማይሸጥና አንተም የሰውን ትጠቀም እንደነበር ታውቃለህ። ቁም ሣጥኔ ውስጥ ዐሥራ አምስት ካፕሱል ነበረኝ። የአንተ ትራፊ። ሁሉም ቤት እንደሚደረገው፣ ለሌላ ቀን ይሆናል ብዬ አስቀምጬው ነበር። ሌላው ቀን መጣ።

ባልዲውን የማትወደው ወንበር ላይ አስቀመጥሁ። በየቀኑ አንድ ካፕሱል ከፈትሁ፣ በአተር ለወስሁ፣ እንደ ክፉ አማት ቆሜ እስኪበላ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ይተፋው ነበር፤ ሰደብሁት፣ በላ። በሦስተኛው ቀን ጅራቱን አነሣ። አልታለልሁም። በስድስተኛው የነጣው ሁሉ ተራግፎ ከጫፉ ላይ መስታወት የመሰለ ቀጭን አዲስ ክንፍ ብቅ አለ። አሁንም አልተውሁም። ዐሥረኛው ቀን ትናንት ነበር።

ዳነ። ገንዳውን አጥቤ መለስሁት፤ ዛሬ ጠዋት እንደ ድሮው ሆዱን ነፍቶ ይዞራል። ደስ ይልሃል? እኔ ቢሞት ይሻለኝ ነበር። ቢሞት መድኃኒቱ የማይረባ ነበር፣ አስማማው ቢጨርሰውም አይተርፍም ነበር እል ነበር። ይህን ብቻ ብል እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ይህ ሆዳም ዓሣ እሱን እንኳ ከለከለኝ።

ታገሥ ያልሁህ ይኸው ደረሰ።

በጾሙ ዋዜማ የነፍስ አባታችንን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘኋቸው። ስለ ጣትህ ጠየቁኝ፤ መድኃኒት ላይ ነው አልኋቸው። በሽተኛ ከጾም ነጻ ነው አሉኝ፤ ጠዋት በልቶ መድኃኒቱን ይዋጥ፣ ሲድን ይደርስበታል፣ ይህን አደራ ንገሪው አሉኝ። እሺ አባቴ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምሁ።

አልነገርሁህም።

ሃያ ፍልሰታ ብቻዬን ጾሜያለሁ፤ አንተ ሥራ አለብኝ፣ ጨጓራዬ ነው፣ ዓሦቹ ናቸው ስትል። ሴቶቹም በየዓመቱ ባልሽስ እያሉኝ። ባለፈው ክረምት ግን ጣትህ አስደንግጦህ ኖሮ ዘንድሮ አብሬሽ እጾማለሁ አልኸኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጠዋት ካፕሱሉን በእጅህ ይዘህ፣ ይህንስ ምን ላድርገው ብለህ ጠየቅኸኝ። ጠየቅኸኝ እኮ! ከተሻለህ ምን ያደርግልሃል አልሁህና ከእጅህ ተቀብዬ አስቀመጥሁት። ቤተ ክርስቲያን በወንዶቹ በኩል ነጠላህን አጣፍተህ ስትቆም ሰው እንዲያይልኝ ዞር ዞር እያልሁ ነበር።

ስለዚህ «ገዳይ ነው» ብለህ በቀይ የጻፍኸው ለአንተ አይደለም፤ ለእኔ ነው። ሃምሳ ሦስት ቀን ሙሉ ሞኝ ስልህ የከረምሁት አንተ ሞኝ ብትሆንልኝ ስለምፈልግ ነው። እህትህ ገንዳውን ስትረግም ዝም ያልሁትም ለዚህ ነው፤ ጥፋቱ በዓሣ ተመካኝቶ ቢቀር ተመችቶኝ ነበር።

እሑድ እታለማሁ ትመጣለች። ማንበብ አትችልምና ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኔው አነብላታለሁ። የተረፉትን አምስት ካፕሱሎችም አሳያታለሁ። ከዚያ ድንጋዩን ወደ ፈለገችው ትወርውር፤ ገንዳውን ግን አላስነካም።

ውዴ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅር ማለት የምትችልበት ቦታ ላይ የለህም። እንዴት እንደማስብህ ብቻ ልንገርህ። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣቴ በፊት አተር ቀቅዬ፣ ልጬ፣ ደፍጥጬ ለቀኛዝማች እሰጠዋለሁ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። እሱ ግን ጠዋት ይበላል።

ሙሉ