ገላነሽ ማርስ ላይ ከተማ ስትሠራ

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

የባዮሎጂ ፈተና ሳርም ዋልኩ። ስመለስ ጊደር መጋላ ገበያ ጎራ ብዬ ሽንኩርት ገዛሁ። ግማሹ ውስጡ የበሰበሰ ነው። ባለቤቴ ገላነሽ ትቆጣለች ስል ምንም አላለችም። እየላጠች ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ምን ተገኘ ብላት፣ ምንም አለች። ቆይታ ግን ነገረችኝ። ሆስፒታል ላብራቶሪ አብሯት የሚሠራው ዓብዱላሂ አዲስ ጨዋታ አምጥቷል። ማርስ ላይ ከተማ መሥራት ነው አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ቤት ሊጫወቱ ነው፤ እህቱ ኢክራምም አለች። ልሂድ ወይ አለችኝ። ሂጂ አልኳት። ገበጣ ቢጤ መስሎኝ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ከምሳ በኋላ የሄደች፣ ስትመጣ መንገዱ ጨልሟል። ልጃችንን ዮዲን እኔ አበላኋት፤ የቤት ሥራዋንም እኔ አሠራኋት። ገላነሽ ጉንጯ ቀልቶ ገባች። ስለ ኦክስጅን፣ ስለ በረዶ ማቅለጥ፣ ስለ ሮኬት... እንጀራው ፊቷ ቀርቦ እንኳ አላቋረጠችም። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ወይስ ታወራ ነበርና እኔ ነኝ ያላዳመጥኩ?

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ዛሬም ሄደች። አሸነፈች። ዛሬም።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ገላዋን ስትታጠብ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ባላየው ይሻለኝ ነበር። ዓብዱላሂ ነው። «ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። አንቺ ነሽ ልክ።» ይላል።

ምኑን ነው ሲያስብ ያደረው? ከሰው ሚስት ጋር ምን ልክ፣ ምን ስህተት አለው?

ስትወጣ ጠየቅኳት። ስለ ውሃው ነው አለች። የቱ ውሃ? ማርስ ላይ ያለው። ኃይል ማመንጫውን ከመሥራት በፊት ውሃውን ማውጣት ይሻላል ብላው ኖሯል። እያየኋት ፀጉሯን በፎጣ ጠቀለለችና ወደ ጓዳ ገባች። አመንኳት። ሆዴ ግን አላመነም።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

አብሬያት ሄድኩ። ልይ ብዬ ነው እንጂ ጨዋታው ምኔ ነው...

ቤታቸው ከኤረር በር ገባ ብሎ፣ የድሮው ከተማ ግንብ ውስጥ ነው። ጫማ አውልቀን መደቡ ላይ ወጣን። ዓብዱላሂ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ደህና ልጅ፣ ትሁት። «ጋሽ ዘውዴ» አለኝ። እሷን ደግሞ «ገሌ»። እኔ ጋሽ፣ እሷ ገሌ። በዕድሜ የምበልጣት እኮ በትንሽ ነው።

ጨዋታው ቀላል አይደለም። ሁሉም በየፊናው ሰሌዳው ላይ መንደር ይሠራል። ኃይል፣ ውሃ፣ አየር፣ ምግብ። አንዱን ስትይዝ አንዱ ያመልጥሃል። ካርዱ መዓት ነው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ተክሎቼ በሙሉ ሞቱ። የመጨረሻ ወጣሁ።

ግን ያየሁት ሌላ ነው። ገላነሽ ስታስብ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ ይላል። ዓብዱላሂ ፊቷን አያይም፤ እጇን ነው የሚያየው። የት ልታሳርፈው ነው ብሎ ትንፋሹን ይዞ። ፊቷን ቢያይ ይሻለኝ ነበር? አላውቅም። እኔ ያን እጅ እንዲህ ጠብቄው አላውቅም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያደረግኩት አሳፋሪ ነው። ለማንም የምነግረው አይደለም።

«የአሸዋ ማዕበል» የሚባል ካርድ አለ። የጣለው ሰው የሌላውን አንድ ሥራ ያፈርሳል፤ የራሱን ኃይል ግን በሙሉ ይከፍላል። ሲጣል አይቼ አላውቅም። ለምን ይጣላል? ከሳሪው ጣዩ ነው።

ገላነሽ ከሰዓቱን ሙሉ ስትደክምበት የቆየችውን ትልቁን የተክል ቤት፣ ግሪንሃውሱን፣ ልትጨርስ አንድ ዙር ቀራት። ዓብዱላሂ «ማሻአላህ» አለ። በቃ። ካርዱን ጣልኩባት።

የሷ ግሪንሃውስ ፈረሰ፤ የኔ መንደር ጨለመ። ሰዎቼ አየር አጡ። ከጨዋታ ወጣሁ።

ኢክራም ናት መጀመሪያ የተናገረችው። በክፋት አይደለም፤ ግራ ገብቷት ነው።

«እርስዎስ ምን አገኙ?»

ካርዶቼን ሰበሰብኩ። ሻይ መጣ፤ ጠጣን። ስንመለስ ገላነሽ ባጃጅ ውስጥ ውጭ ውጭውን ታያለች። ሸዋ በር ስንደርስ ሳትዞር ተናገረች።

«ልታሸንፍ ብለህ ቢሆን አይከፋኝም ነበር።»

ያ ብቻ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

አልሄደችም። አመመሽ ወይ? አይ። ልብስ ስታጥብ ዋለች። የታጠበውን ሁሉ ደግማ አጠበችው መሰለኝ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ዛሬም ቀረች። የፈለግኩት ይኼ አልነበር? ሚስቴ ቤቷ ናት፤ ቅዳሜዬ ተመለሰልኝ። ታዲያ ምነው ቤቱ ባዶ ሆነብኝ? ምሳ ላይ ስለ ላብራቶሪው ጠየቅኳት። ደህና ነው አለች። ዮዲ እናቷንም እኔንም እያየች የሽሮ ወጧን ጨረሰች።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ሸዋ በር ታክሲ ስጠብቅ ዓብዱላሂን አገኘሁት። ልሸሸው ነበር፤ ቀድሞ አየኝ። እጄን በሁለት እጁ ያዘና ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዮዲ ጠየቀኝ። ሰው እንዲህ ሲያከብርህ መጥላት ይከብዳል።

አዲስ አበባ የጨዋታው ውድድር አለ አለኝ። አንድ ቡድን ሦስት ሰው ነው፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ይጫወታል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ተመዝግበዋል። ገላነሽ ከሁለት ሳምንት በፊት ልጄን ጥዬ አልሄድም ብላቸዋለች። እኔ ስለ ውድድሩ አልሰማሁም። ያለሷ እኛም እንቀራለን አለኝ። ለምን ሌላ ሰው አትተኩም? አልኩት። አንገቱን ደፋ።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ጨዋታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያስተማርኳትም እኔ። ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ አሸንፌያት አላውቅም። ወላሂ፣ እቀናባታለሁ።»

እንዲህ በቀላሉ! መንገድ ላይ ቆሞ፣ ለባሏ። እኔ ከጥቅምት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የሚነደውን ነገር ልጁ ምንም ሳይመስለው አወጣው። ታክሲው መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈርኩም። በእግሬ ሄድኩ።

ራት ላይ፣ ዮዲ ከጠረጴዛው ስትነሳ፣ ገላነሽን አዲስ አበባ ሂጂ አልኳት።

«ፈቅደህ ነው ወይስ ይሉኝታ ይዞህ?»

«ቀንቼ ነበር፣ ገላዬ።»

«በዓብዱላሂ?»

«መጀመሪያ በሱ። ኋላ ላይ ግን... ባንቺ።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። የያዘችውን ሰሃን መልሳ አስቀመጠችው።

«በኔ? እኔ ምን አለኝና?»

ይቺ ጥያቄ ከኢክራም ጥያቄ የባሰች ናት። አብራኝ እየኖረች ምን እንዳላት አታውቅም። ማን ነግሯት? ነገርኳት። ጣቷ ከንፈሯ ላይ ሲያርፍ ቤቱ ጸጥ እንደሚል... መናገር አልችልበትም፤ ተንተባተብኩ። ሰማችኝ።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ላይ ሸኘኋቸው። ዮዲ እንቅልፏን ሳትጨርስ ትከሻዬ ላይ ነበረች። ገላነሽ ኢክራም አጠገብ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ ዓብዱላሂ ከኋላቸው። ማን ማን አጠገብ እንደተቀመጠ አየሁ። አየሁ እንጂ... ምን ይደበቃል። አውቶቡሱ ሲነሳ እጇን አወዛወዘች። እኔም መልሼ አወዛወዝኩ።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ከሰዓት ደወለች። ተሸንፋለች። በሁለተኛው ዙር፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጣለቻት። ድምጿ አዝኗል። ከኋላዋ ሳቅ ይሰማል፤ የዓብዱላሂን ሳቅ ለየሁት። ያቺ የማውቃት ነገር እንደገና መጣች። የት ነው ያላችሁት፣ ከማን ጋር ነው ራት የምትበዪው... ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ዋጥኩት። ልጅቷ በምን በለጠችሽ? አልኳት።

ይኼን የምጠይቃት አልመሰላትም። ከዚያ ጀመረች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ እየፈጠነች። አልገባኝ ሲል አቆምኳት፤ ጠየቅኳት፤ መለሰችልኝ። ነዋሪዎቹን በሮኬት ቶሎ ባታስመጪ ኖሮስ? አልኳት። «እሱን እኮ ነው ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩት!» አለች። ዮዲ መጥታ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠች፤ አብረን ሰማናት።

መሃል ላይ የስልኳ ካርድ አለቀ። ወዲያው የዓብዱላሂ ቁጥር ደወለ። አየሁት። አነሳሁት።

«የት ደርሼ ነበር?» አለችኝ።

«ሰዎቹ ከሮኬቱ እየወረዱ ነበር» አልኳት።