ከሚካኤል ያመጣሁት የሥራ ልምድ

መስከረም 22
ፀዳ ከተማ። የወይዘሮ ነጃት ቤት፣ የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ ብረቱ ታስሮ አለቀ። ክረምቱም የወጣ መሰለ። ስድስቱም ሠራተኞች መጥተዋል፣ ወንዴ እንኳ በሰዓቱ! ሰኞ ኮንክሪቱን እንሞላለን።

መስከረም 26
ሥራ አስቆሙን። ከኮንስትራክሽን ጽሕፈት ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው "የተቋራጭ ፈቃድህ?" አሉኝ። የለኝም። ከዘንድሮ ጀምሮ ፎቅ ያለ ፈቃድ አይሠራም መባሉን ሰምቼ ነበር… እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ግንበኛ ነኝ፤ የትኛው ግድግዳዬ ወረቀት ጠይቆኝ ያውቃል?
ወይዘሮ ነጃት ክፉ ሴት አይደለችም። "አያ በላቸው፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ልጠብቅህ። ከዚያ ፈቃድ ላለው እሰጣለሁ፣ እንዳትቀየመኝ።"

መስከረም 29
ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። ለፈቃዱ መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ የባለቤቴ የአምሳል የወንድም ልጅ ምናለ እሺ ብሎኛል። የኮንክሪት ሚክሰር አለኝ። የቀረው የሥራ ልምድ ነው። "አንድ ትልቅ ሥራ ይበቃል ጋሼ። ውሉን፣ የተከፈለዎትን፣ የርክክብ ደብዳቤውን ይዘው ይምጡ።"
ውል? ቤት ሁሉ የሠራሁት በቃል ነው። ትልቅ የምለው አንድ ሥራ ብቻ ነው፣ አገሬ ወገራ ያለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ የሠራሁት እኔ ነኝ። ግን ስለት ነው… አምሳል በወሊድ ልትሞት ደርሳ ስትተርፍ የተሳልኩት። ሦስት በጋ ሙሉ አንድ ሳንቲም አልነካሁም። ያኔ ኮሚቴው ውል እንጻፍ ቢለኝ "ከመልአክ ጋር ውል የለኝም" ብዬ ተቆጣሁ። ጎበዝ!
ለልጅቷ ነገርኳት። "በነፃ የተሠራ አይያዝም ጋሼ። የሚታየው የገንዘቡ መጠን ነው።"

ጥቅምት 5
ወገራ ደርሼ መጣሁ። የሚካኤሉ አስተዳዳሪ ቄስ ወልደ ገብርኤል አርጅተዋል።
"በነፃ ሠራልን ብዬ ልጻፍልህ፣ እሱ እውነት ነው።"
"እሱ አይቆጠርም አባ።"
"ምነው? ከዚህ የበለጠ ሸጋ ሥራ የት አለ?"
"የሚያዩት ብሩን ነው።" ገባቸው። "እንግዲያ ተከፍሎታል ይበሉልኝ ነው የምትለኝ?"
"አንቱ ካሉ…"
"እኔ አላልኩም፣ ልጄ።"
ግን ጻፉልኝ። አዘኑልኝ መሰለኝ። ለውሉ የዚያን ዘመን ቀን ሰጠነው፣ ብሩን እኔ ገመትኩ፣ እሳቸው ማኅተም መቱበት። "ተቀብያለሁ" ብዬ ፈረምኩ።

ጥቅምት 6
አምሳል ወረቀቱን አነበበችው።
"ስለ እኔ ነፍስ የተሳልከውን?"
"የስድስት ሰው እንጀራ ነው አምሳል…"
ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠችኝ። ራት አልበላችም።

ጥቅምት 8
አስገባሁ።

ጥቅምት 20
ተጠራሁ። ልጅቷ ወረቀቱን አገላብጣ አየች። "ሥራውስ ትልቅ ነው ጋሼ። የዚህ ክፍያ የግብር ደረሰኝ የታለ?"
"የምን ግብር?" አልኳት። "ይኼን ሁሉ ተቀብለው ግብር አልከፈሉም?"
አልተቀበልኩም እንዳልል ፊርማዬ አለ። ተቀበልኩ ካልኩ የዘጠኝ ዓመት ግብር ከነቅጣቱ… ቤቴ ቢሸጥ አይከፍለውም። ከድጡ ወደ ማጡ።
"ከገቢዎች ማስረጃ ካላመጡ ሲስተሙ አያሳልፈኝም" አለች። ወረቀቴን ስጪኝ አልኳት፣ ሰጠችኝ። ከደጅ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለአምሳል ምን ብዬ ልንገራት?

ኅዳር 1
ወይዘሮ ነጃት ለሌላ ሰጠች። አልተቀየምኳትም። ሠራተኞቹን አሰናበትኩ።

ኅዳር 13
እዚያው ፀዳ ወይዘሮ ነጃት ቤት ገባሁ፣ በቀን ሠራተኛነት። ተቋራጩ አቢ ይባላል፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስለኝም። ሶሌታው ተሞልቷል። እኔ ብሎኬት አቀብላለሁ።
ትናንት ሚካኤል ነበር። አልሄድኩም። በየዓመቱ ታቦቱ ሊገባ ሲል ቄስ ወልደ ገብርኤል ሕዝቡን ዝም ያሰኙና ቤተ ክርስቲያኑን በነፃ የሠራ ብለው ስሜን ይጠራሉ፣ እልል ይባላል። አምሳል ብቻዋን ሄዳ ዛሬ ከሰዓት ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።
"ጠሩኝ?"
"አልጠሩህም።"
"ረስተው ይሆናል… አርጅተዋል።"
"አልረሱም። እኔን ሲያዩ አቀረቀሩ።"
ምን ይበሉ ታዲያ? በገዛ ማኅተማቸው መስክረውልኛል። ተከፍሎኛል።