ነቀዝ በላው ያልኩት ስንዴ

የሺመቤት፣ የቤቴ ምሰሶ፣

ከተለየሽን በመጪው ታኅሣሥ ሁለት ዓመት ይሞላል። ለሙት ደብዳቤ መጻፍ ከቄስ የሚጠበቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሙት የሚገባው ጸሎትና ተዝካር ነው፤ ሁለቱንም እንዳቅሜ አድርጌልሻለሁ። ነገር ግን በዘንድሮው ኅዳር ሚካኤልና ከዚያ ቀጥሎ ባለው እሁድ የሆነውን ለማንም ባወራው አይወጣልኝም። ነገሩ ያንቺ ነው፤ ስለዚህ ላንቺው እጽፈዋለሁ። ልጃችን አበቡ ከደብተሯ ላይ አራት ቅጠል ገንጥላ ሰጥታኛለች።

በፊት የቤቱን ልንገርሽ። አበቡ አድጋለች። ጥለት ያለው ቀሚስሽ ቁመቱ ልክ ሆኗታል፤ ወገቡን ብቻ ሰብሰብ አድርጋ በመቀነት ታስረዋለች። ወጡን እሷው ናት የምትሠራው። ጨው ታበዛለች፤ አልነገርኳትም፤ ዝም ብዬ ውሃ እጠጣለሁ። መንግሥት ከከተማ የላካቸው ተማሪዎች መጥተው ከዋርካው ሥር ፊደል ያስተምራሉ፤ እሷም እዚያ ትውላለች። ከተማሪዎቹ አንዱ ቤተ ክርስቲያን የድሃ ጠላት ናት ብሎ ፊት ለፊት ነግሮኛል። ከነሱው መካከል ያለች አንዲት ልጅ ደግሞ የምንጩን መንገድ ስትጠግን እጇ እስኪቆስል ሠራች። ሰው ሁሉ እንደየራሱ ነው።

ንጉሡ ወርደዋል። ይህን ብትሰሚ መጀመሪያ «ማን ደፍሮ?» ትይ ነበር። መሬት ለአራሹ ተብሎ ታወጀ፣ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፣ እኛ ካህናቱ የምንተዳደርበት የሚካኤል የሰሞን መሬትም ተደለደለ። ገመድ ይዘው መጥተው ለኩና ለኔም እንደማንኛውም አባወራ ከወንዙ በላይ ሁለት ጥማድ ሰጡኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙም አልከፋኝ። በዚያ መሬት ላይ የሚያርሱት ሰዎች ልጆቻቸውን ሳያጠግቡ ሲሶውን ለኛ ሲሰፍሩልን እንደኖሩ እኔም አንቺም እናውቃለን። አንቺ እንዲያውም ከኔ ቀድመሽ ታውቂ ነበር፤ ሲሰፍሩ ፊታቸውን ታይ ስለነበር።

አሁን እኔው ራሴ አርሳለሁ። ያለን በሬ ቦራ ብቻ ነው፤ ሌላው በሬ በክፉው ዘመን እንደተሸጠ ቀረ። ከአጥር ማዶው ከእንድሪስ በሬ ጋር ተቀናጅተን ተራ በተራ እናርሳለን። መጀመሪያ ሰሞን ትልሜ እንደ እባብ ሲጣመም እንድሪስ አየና «መምሬ፣ እርፉ መስቀል አይደለም፤ ጠበቅ አርገው ይያዙት እንጂ!» አለኝ። እጄ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ፣ ደግሞ ቋጠረ፣ አሁን ጠንክሯል።

ሽማግሌዎቹ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ይመንኩስ፣ ቆብ ይድፋ እያሉ ነው። ልክ ናቸው። አበቡን ለወግ ለማዕረግ ላድርሳትና ከዚያ በኋላ ብያቸዋለሁ። ዓለም አምሮኝ እንዳይመስልሽ፤ የልጅቱን ፀጉር የሚሠራላት ሰው ስለሌለ ጎረቤት ወስጄ የማሠራላት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ስንዴው ልምጣ። አንቺ ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ከሥሩ ጀምሬ ካልተናገርኩት አይሆንልኝም።

በዚያ በክፉው ዘመን፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፣ በጥቅምት ከቆላው ሰው መውጣት ጀመረ። በደጀ ሰላሙ ቅጥር ሥር ተኮልኩለው ይውሉ ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ። በሰበካው ውስጥ የቀረን እህል ጥቂት ነበር። ለቁርባኑ ኅብስት የሚሆነውን መገበሪያ፣ ያን አንድ ስልቻ ንጹሕ ስንዴ፣ ከዕቃ ቤቱ እንዳይሰረቅ ብለው ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት አስቀመጡት። እኔም ከመደቡ ራስጌ ሰቅዬ «ይህ የመሠዊያው ነው፣ እጅ እንዳይነካው» አልኩ። ይህን ያልኩት ለአበቡ ነበር። ላንቺ ማለት ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም።

ከዚያ እርዳታ እህል እንለምን ብለን ከሽማግሌዎቹ ጋር መካነ ሰላም ከተማ ወረድን። ሦስት ቀን ከቢሮ ቢሮ ስንመላለስ ቆየን። «ይጻፍላችኋል» አሉን፤ ባዶ እጃችንን ቅዳሜ ከሰዓት ተመለስን። ስገባ ስልቻው ተጣጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ትልቁ ማሰሮ ታጥቦ ተደፍቷል። አንቺ ምድጃው አጠገብ ቆመሻል።

«የት ሄደ?» አልኩሽ።

«ቀቀልኩት። ንፍሮ አድርጌ ደጀ ሰላሙ ወስጄ ሰጠኋቸው» አልሽ።

«ነገ በምን ልቀድስ ነው?»

«እሱን አላወቅሁም። የሚሞቱትን ሕፃናት ግን አየሁ።»

ያን ቀን ያልኩሽን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። የመሠዊያውን እጅ ቆረጥሽ ማለቴን ግን እንዳልረሳሁት እወቂ። አንቺ አላለቀስሽም። «ሚካኤል ከተቀየመኝ እኔን ይቀየመኝ፤ ልጆቹ በልተዋል» ብለሽ ውሃ ልትቀጂ ወጣሽ።

በማግስቱ ቅዳሴ ታጎለ። የኪዳን ጸሎት ብቻ አደረስንና ከሕዝቡ ፊት ቆሜ፣ መስቀሌን እንደያዝኩ፣ «መገበሪያውን ነቀዝ በልቶታል» አልኩ። የቄስ ሚስት የመሠዊያውን ስንዴ ቀቅላ በላች እንዳይባል ነበር። ለስምሽ የተጨነቅሁ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው የተጨነቅሁት ለራሴም ስም ነበር። በሴቶቹ በኩል ቆመሽ ሰማሽኝ። አቀረቀርሽ። እቤት ስንደርስ ያልሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለኔ ብለህ አትዋሽ።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በአንድ ቤት እንደ ባዕድ ኖርን። አንቺ በየቀኑ ደጀ ሰላሙ ትወርጃለሽ፤ ለበሽተኛው ውሃ ታጠጫለሽ፣ ለሞተው መገነዣ ትለምኛለሽ። እኔ ሙታኑን እፈታለሁ፣ እቀብራለሁ። በመንገድ ስንተላለፍ እንኳ አንነጋገርም ነበር። ዳዊት በተራበ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ የመሠዊያውን ኅብስት እንደበላ፣ ጌታም በወንጌል ይህን አንሥቶ እንደተናገረ፣ ስንት ጊዜ ለሕዝቡ አንብቤያለሁ። ነገሩ እኔው ቤት ሲገባ ግን አላወቅሁትም።

ኋላ ተስቦው ያዘሽ። ራሴን አልሽ፣ ትኩሳቱ በረታ። ጠበል አጠጣሁሽ፣ ድርሳኑን አነበብኩልሽ። እንድሪስ ከጓሮው ያለውን መድኃኒት ቅጠል ቀጥቅጦ አመጣ፣ «ኢንሻላህ ይሻላታል» አለ። እኔም ሲሻልሽ ልነግርሽ ያሰብኩት ነገር ነበር። ዛሬ ትንሽ ቀለል ይበልላት፣ ነገ እላታለሁ እያልኩ አዘገየሁት። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ውሃ ለመንሽኝ፣ ሰጠሁሽ፣ ጠጣሽ፣ ከዚያ አላወራሽም።

እንግዲህ ዘንድሮ መሬቱ ሲደለደል ቤተ ክርስቲያኑ ባዶውን ቀረ። ዘቢብ የለ፣ ዕጣን የለ፣ መገበሪያ የለ። ጣሪያው ከሰሜን በኩል ያፈሳል። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና «አዝመራው እግዜር ይመስገን ጥሩ ነው፤ ሰው ሁሉ ከመሬቱ ቀድሞ ከደረሰው በኩራቱን ያምጣ፤ መምሬ በሚካኤል ዕለት ለሕዝቡ ይንገሩ» ብለው ወሰኑ። ለኔ የሰጡኝ ሥራ ይሄ ነው፤ ስጡ ማለት።

ሌሊቱን ማኅሌት ቆመን ቀደስን፣ ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ተደረገ፣ ሕዝቡ ከዛፎቹ ሥር ተቀመጠ። ተነሣሁ። ለመናገር አፌን ስከፍት ቃሉ አልወጣ አለኝ። በዚሁ ቦታ ቆሜ ስለ ስንዴ ዋሽቼ፣ በዚሁ ቦታ ቆሜ ስንዴ ልለምን? ስለዚህ ያላሰብኩትን ተናገርኩ።

«ምእመናን፣ ስጡ ከማለቴ በፊት የምናዘዘው አለኝ» አልኩ። «በዚያ በክፉው ዘመን መገበሪያውን ነቀዝ በላው ብያችሁ ነበር። ዋሽቻለሁ። የሺመቤት ቀቅላ ለተራበ ሰጠችው። እኔ አፈርኩ፤ አፍሬ ዋሸሁ። ይቅር በሉኝ።»

  ከዚያ ከሴቶቹ በኩል እትዬ ሙሉነሽ፣ ያቺ ከምንጩ በታች ያለችው ባልቴት፣ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሣች። ልጇ ሞታባት ሁለት የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ መሆኗን ታስታውሻለሽ።

«እንዴ መምሬ!» አለች። «ነቀዙኮ እኛ ነበርን!»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደዚያ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ ሙሉነሽ ግን እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል። «ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ፣ ከቆላው ሰው መካከል ተቀምጬ በላሁ። እነዚህንም አበላኋቸው» ብላ ልጆቹን በእጇ ወደፊት ገፋቻቸው። ከወንዶቹ በኩል አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ «እኔም ነቀዝ ነኝ» አለ። ሌላውም ተነሣ። የሰበካው ሰው፣ ኩሩው ሁሉ፣ ለካ ከዚያ ማሰሮ በልቷል።

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምነው አልነገራችሁኝ?» አልኩ።

«ምን ብለን እንንገርዎ?» አለች እትዬ ሙሉነሽ። «እርስዎ አፍረው ዋሹ፣ እኛ አፍረን ዝም አልን። ደሞስ እሷው አይደለች፣ ‹እንዳትነግሩት፤ ቄስ ነው፣ በላተኛው የራሱ ሰበካ መሆኑን ካወቀ አላየኋቸውም ብሎ ይጨነቃል› ያለችን?»

እኔ ያንቺን ስም እሸፍናለሁ ብዬ ስዋሽ አንቺ የኔን ልብ ትሸፍኚ ነበር። ይህን በሰማሁ ጊዜ ስጡ የሚለውን ቃል አልተናገርኩም። ባርኬ አሰናበትኳቸው።

ከተከታዩ እሁድ በፊት ባለው ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሰዉ ይዞ መጣ። አንዱ በቁና፣ አንዱ በአቁማዳ። ገና ያላጨደው ከማሳው ጥቂት ነዶ ቆርጦ በእጁ አሽቶ አመጣ። አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ አንድ እፍኝ ቋጥራ መጥታ ትንሽ ነው ብላ ተሳቀቀች፤ ከሁሉ በፊት የሷን ተቀበልኩ። እንድሪስ በአህያ ገብስ ጭኖ መጥቶ ደጀ ሰላሙ ውጭ ቆመ። ግባ አልኩት። «እዚሁ ይሻለኛል፣ መምሬ። ይሄ ለሚካኤል አይደለም፣ ለየሺመቤት ነው። እናቴም ከዚያ ንፍሮ ቀምሳለች። አላህ ይርሐማት» አለኝ። ከበሬዬ ጋር በሬውን አቀናጅቶ ከበልግ እስከ መኸር አብሮኝ ሲያርስ ይህን አንድም ቀን አላነሣብኝም።

ሽማግሌዎቹ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሁለት ጎታ እንዲቆም ወሰኑ። አንዱ ለመሠዊያው፣ አንዱ ራብ ለገባበት ቤት። የሁለተኛው ቁልፍ በሴቶቹ እጅ ይሁን ተባለ። ይህን ያለው ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ቆጣቢው መሆኑን ብነግርሽ አታምኚኝም። የእንድሪስን ገብስ የመጀመሪያው አድርገን እዚያ ገለበጥነው።

እሁድ ዕለት በአዲሱ ስንዴ ቀደስን። ዲያቆኑ ኅብስቱን ከተጋገረበት ከቤተልሔም ሲያመጣው ገና ይሞቅ ነበር። የእያንዳንዱ ቤት ስንዴ ተቀላቅሎ ነው የተፈጨው፤ የባልቴቷም፣ የጎልማሳውም፣ ከኔ ሁለት ጥማድ የወጣውም። ስለ ሙታን በምንጸልይበት ቦታ ስደርስ ወለተ ሥላሴ ብዬ በክርስትና ስምሽ ጠራሁሽ።  አበቡ ቆረበች። አንቺ ትቆሚበት ከነበረው ዓምድ አጠገብ ነበር የቆመችው፤ ማንም ሳይነግራት።

አሁን ማታ ነው፣ ወረቀቱም እያለቀ ነው። አበቡ እራት ቀርቧል ትለኛለች። መቼም እኔ ብረሳሽ እንኳ እነዚያ ሰዎች አይረሱሽም፤ ግን አልረሳሽም። እጄ መስቀል መያዝ እስኪያቅተው ድረስ በየቅዳሴው ስምሽን እጠራለሁ። ቆቡን የደፋሁ ቀንም፣ ሌላውን ዓለም ሁሉ ተው ሲሉኝ፣ አንቺን አልተውም። ይህን ለአባቶች ነግሬ ነው የምመነኩሰው።

የሺመቤት፣ በቅዳሴው ውስጥ የምስጋና ጸሎት አለ፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳደረስኩት እግዜር ይወቀው። አንቺን ግን በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን እንኳ ፊትሽን አይቼ አላመሰገንኩሽም። በታመምሽ ጊዜ ነገ እላታለሁ ያልኩት ይኸው ነበር።

እግዜር ይስጥልኝ።

ባልሽ